ጡት ያስጣለው ማነው?

በቋንቋችን «የእናት ጡት ነካሽ» ከመባል የከፋ ስድብ ብዙ አይገኝም። አገሩን የከዳ፣ ያሳደገውን የበደለ ሰው የሚወረፍበት ቃል ነው። ጡት የውለታ ሁሉ መጀመሪያ ሆኖ ስለሚቆጠር አባቶቻችን ባዳውን ዘመድ ለማድረግ ሲሹ ማር የተቀባ ጡት ወይም አውራ ጣት አጥብተው «የጡት ልጅ» ያሰኙት ነበር። ታዲያ ነካሹን ልጅ የሚረግም ሕዝብ ጡቷን የከለከለችውንም እናት አይምራትም። «ኧረ ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት!» ይላታል። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ በታሪክ ውስጥ ልጅን ከጡት የለየው የእናት አንጀት ነው ወይስ ሌላ እጅ? (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከፓሪስ እንጀምር። የከተማይቱ የፖሊስ ሹም የነበረው ለኗር በ1780 እንደ ገለጸው፣ በዓመት ከሚወለዱት 21 ሺህ ያህል ሕፃናት መካከል የገዛ እናታቸውን የሚጠቡት ከ1 ሺህ እምብዛም አይበልጡም ነበር። ሌላ 1 ሺህ ያህሉ በቤታቸው በተቀጠረች አጥቢ ሲያድጉ፣ የቀሩት ወደ ከተማው ዳርና ወደ ሩቅ ገጠር ለደመወዝተኛ አጥቢ ይላኩ ነበር። ይህን ስንሰማ ፊታችን የሚመጣው ዳንስ ቤት የምታመሽ የመኳንንት ሚስት ናት። ነገሩ ግን እንዲያ ብቻ አይደለም። ከላኪዎቹ ብዙዎቹ የባለሱቅና የእጅ ሥራ አዳሪ ሚስቶች ነበሩ። የሊዮን ሐር ሠሪዎችም እንደዚሁ። ሴትየዋ ከባሏ እኩል ካልሠራች ቤቱ አይቆምም፤ ለገጠሯ አጥቢ የሚከፈለው ደግሞ እሷ ሥራዋን ብትተው ከምታጣው ያንሳል። ሒሳቡ ይኸው ነበር። ገጠሬዋም ብትሆን የድኻ ሚስት ናት፤ የሰው ልጅ ለማጥባት የራሷን ልጅ ያለጊዜው ጡት ታስጥላለች። በሁለቱም በኩል ብዙ ሕፃናት አለቁ።

ሊቃውንቱ ምን አሉ? ሩሶ በ1762 ባሳተመው «ኤሚል» እናቶች ራሳቸው ያጥቡ፣ ያን ጊዜ የአገሩም ጠባይ ይታረማል ብሎ አስተማረ። የራሱን አምስት ልጆች ግን ለወላጅ አልባዎች ማሳደጊያ የሰጠ ሰው ነው። ስዊድናዊው ሊኔም በ1752 የቅጥር አጥቢነትን የሚነቅፍ ጽሑፍ አወጣ፤ በ1758 ደግሞ ዛሬ እኛ «አጥቢ እንስሳት» የምንላቸውን በጡት ስም ሰየማቸው። ስብከቱ ጊዜና ገንዘብ ላላት እመቤት ደረሰ፤ ማጥባትም ለጥቂት ዘመን የጨዋ ሴት ወግ ሆነ። ባለሱቋ ግን ስብከት ሰምታ ሱቋን ልትዘጋ አትችልም። ስለዚህ ልጅ መላኩ ቀጠለ። ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1874 የፈረንሳይ መንግሥት የሚላኩትን ሕፃናት የሚያስጠብቅ ሕግ እስከ ማውጣት መድረሱ የነገሩን ሥር መስደድ ያሳያል።

ከዚያ ቆርቆሮው መጣ። ኬሚስቱ ሊቢግ በ1860ዎቹ፣ ሄንሪ ኔስሌ በ1867 የሕፃናት ምግብ ሠርተው ለገበያ አቀረቡ። ፍርደ ገምድል እንዳንሆን ይህን እንበል፤ እናቱ የሞተችበት ወይም የእናቱ ወተት ያልበቃው ልጅ ዛሬም በዚህ ምግብ ይድናል። ጥፋቱ ምግቡ መኖሩ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ለጥቂቶች ሆኖ ሳለ ለሁሉም እንዲሸጥ መደረጉ ነው።

ጥፋቱን ቀድመው ካዩት አንዷ ጃማይካ የተወለደችው ሐኪም ሲሲሊ ዊልያምስ ናት። በ1935 ከዛሬዋ ጋና «ክዋሺዮርኮር» የሚለውን ቃል ለሕክምና ዓለም ያስተዋወቀች እሷ ናት። ቃሉ የጋ ቋንቋ ነው፤ ታናሽ ሲመጣበት ከጡት የሚወርደውን ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ሐኪሞች ስም ሲፈልጉለት የነበረውን በሽታ እናቶቹ ከነምክንያቱ ያውቁት ኖሯል! ዊልያምስ በ1939 ሲንጋፖር ውስጥ «ወተትና ግድያ» የሚል ርእስ የሰጠችውን ንግግር አደረገች። ስኳር የበዛበት የቆርቆሮ ወተት ለሕፃን ይሆናል እየተባለ በመሸጡ ልጆች እየሞቱ ነው ስትል በነጋዴዎቹ ፊት ተናገረች።

ሰሚ ግን አልበዛም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሻጮቹ እንደ ነርስ ነጭ ለብሰው ማዋለጃ ክፍል ድረስ ገቡ፤ ናሙናም በነፃ አደሉ። ለአንዲት አራስ ነጭ የለበሰ ሰው የሚሰጣት ነገር መድኃኒት ነው። ናሙናው እስኪያልቅ ጡቷ ይደርቃል፤ ካልተጠባ አይመነጭምና። ከዚያ በኋላ የግድ ገዢ ናት። ቆርቆሮው የሳምንቱን ገቢ ሲበላባት ዱቄቱን ታሳንሳለች፣ ውኃውን ታበዛለች። ውኃው የወንዝ ነው፤ ጡጦውን የምትቀቅልበት ማገዶም የላትም። ልጁ በተቅማጥ ይሞታል። ይህችን ሴት «ዘመናዊ ልሁን ብላ ልጇን ገደለች» ማለት እውነት ነውን?

በ1974 ዋር ኦን ዋንት የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ጉዳዩን በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ አጋለጠ። የስዊስ ወጣቶች በዚያው ዓመት ወደ ጀርመንኛ መልሰው «ኔስሌ ሕፃናትን ይገድላል» የሚል ርእስ ሰጧት፤ ኩባንያውም ከሰሳቸው። በ1976 የበርን ፍርድ ቤት በርእሱ ምክንያት ስም በማጥፋት 13ቱን እያንዳንዳቸውን 300 ፍራንክ ቀጣ፤ ዳኛው ግን ኩባንያውም የማስታወቂያ አሠራሩን እንዲያስተካክል አሳሰበ። በ1977 አሜሪካ ውስጥ የኩባንያውን ዕቃ ያለመግዛት አድማ ተጀመረ። ግንቦት 1981 የዓለም የጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትክ ሽያጭን የሚገታ ደንብ በ118 ድምፅ አጸደቀ። ሦስት አገሮች ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ፤ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻዋን ነበረች።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። የኛ አገር እናት ጡት አትጠላም። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ታጠባለች፤ ማስጣል ሲመጣም ሬት ትቀባለች ወይም ልጁን አያቱ ዘንድ ትሰደዋለች። ልማዳችን ሁሉ መልካም ነው አንልም፤ እንገሩን አፍስሶ ለተወለደው ልጅ ቅቤ ማላስ እስከ ቅርብ ጊዜ ያልተተወ ጉዳት ነው። አራስ ቤቱ ግን ትልቅ ጥበብ ነበረው። ጎረቤት ገንፎና አጥሚት ይዞ ሲገባ ለእናትየዋ የሚሰጣት ምግብ ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ነው። እንድትተኛና እንድታጠባ ሌላው ሥራዋን ይሠራላታል።

በከተማ ይህን ጊዜ ማን ይስጣት? ሐኪሞች ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ ይላሉ። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ስድስት ወር ካልሞላቸው ሕፃናት መካከል ጡት ብቻ የሚጠቡት ከ100 58 ነበሩ። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ከወሊድ በኋላ ያለውን ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀን አሳድጓል። ጥሩ ነው፤ ሆኖም ስድስት ወር አይሞላም። ለዚያውም አዋጁ ለተቀጣሪዋ እንጂ ለጉልት ቸርቻሪዋ አይደርስም። የቤት ሠራተኛዋንም ከወሰኑ ውጭ ትቷታል። የራሷን ልጅ ገጠር እናቷ ዘንድ ትታ የሰው ልጅ በጡጦ የምታሳድገው ልጅ እግር የዚያች የፈረንሳይ ገጠሬ እህት ናት። ይህችን ሴት በየቤታችን እናውቃታለን።

ስለዚህ ጡጦ የያዘች እናት ስናይ ከመፍረዳችን በፊት «ስንት ቀን ተሰጣት? ሥራዋን ማን ያዘላት?» ብለን እንጠይቅ። ነገ ከእኛው መካከል ሕግ የሚያረቅቅ፣ ፋብሪካ የሚያስተዳድር፣ ሠራተኛ የሚቀጥር ይወጣልና፣ ጥያቄው ያኔ ለእኛው ይቀርባል።