ከፍተኛው የክላርኔት ድምፅ፦ ከአዲስ አበባ እስከ አምስተርዳም

አምስተርዳም ኖርድ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ልጁ ክላርኔት ሲለማመድ ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበ እንዳስቸገረው ሲያጫውተን ስቀን ነበር። ልጁ ዝቅተኛውን ድምፅ አሳምሮ ይጫወታል። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ድምፁ ይሰነጠቅበትና ጩኸት ብቻ ይሆናል። «ነክሶ ነው የሚነፋው» አለን አባቱ። እውነትም ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ነገሩ ታሪክ አለውና እናውጋው። (ዘመናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1924 ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የትንፋሽ መሣሪያ ትምህርት በከተማው ሥር እየሰደደ ሄዶ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ማዘጋጃ ቤት የየራሳቸው ባንድ ኖራቸው። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያም በ1949 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ። ክራርና መሰንቆ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ከዚያ ሳክስፎንና ክላርኔት ያዙ።

ከሳክስፎን ወደ ክላርኔት የሚሻገር ሰው መጀመሪያ ግራ ይጋባል። የሳክስፎን ቱቦ ወደ ታች እየሰፋ ስለሚሄድ ድምፁ ሲዘል አንድ ኦክታቭ ይወጣል። ክላርኔት ግን ወጥ ስፋት ያለው፣ በአፍ በኩል የተዘጋ ቱቦ ነው። በግራ አውራ ጣት የሚነካው ቁልፍ ሲከፈት ድምፁ ኦክታቩን አልፎ 12ኛው ላይ ያርፋል። ከዚያም በላይ ሲወጣ የግራ ሌባ ጣት ይነሳል፣ የጣት አያያዙም ይለወጣል። እዚህ ላይ ነው ጀማሪው ፈርቶ የሚነክሰው። ሲነክስ ሙዚቀኞች ሪድ የሚሏት ቀጭን የሸምበቆ ቁራጭ ትታፈናለች፤ ድምፅም የለም። ሪዷ ከመጠን በላይ ከለሰለሰችም ከላይ አትቆምም። መፍትሔው ከንፈርን ሳያጠብቁ ምላስን «ኢ» እንደሚሉ ከፍ አድርጎ ትንፋሹን ከሆድ ማፍጠን ነው። ዝቅተኛውን ድምፅ ይዞ፣ አፍን ሳይነካኩ ቁልፉን ብቻ መክፈትና መዝጋት፤ በየቀኑ።

የኛ ዋሽንት ነፊ እኮ ይህን ያውቀዋል። ጣቱን ሳይለውጥ በትንፋሽ ብቻ ድምፁን ያዘልለዋል። ሸላዩም ቢሆን ያን የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት በጥርሱ አያወጣውም። ጋሽ ጌታቸውን ያስጠራቸው ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን መጫወታቸው ነው። ዕውቀቱ ከሰው ወደ ሰው በጆሮ የሚተላለፍ ነበር፤ ባንዶቹ ሲዳከሙ ተቀባዩም አነሰ።

ታዲያ ማን ፈለጋቸው? በ1979 የተመሠረተው የሆላንዱ ባንድ «ዘ ኤክስ»! በ2004፣ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ጋሽ ጌታቸውን ከአዲስ አበባ ጋበዘ። የ70 ዓመት ደጃፍ ላይ የደረሱ ሰው መጥተው ፈረንጁን አስጨፈሩት። ወዳጅነቱ ጸንቶ በ2006 «ሞዓ አንበሳ»፣ በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» የተባሉ ሲዲዎች ወጡ። ጋሽ ጌታቸው በ2016 አረፉ።

በ«ሞዓ አንበሳ» ላይ ክላርኔቱን የሚነፋው ዛቪየ ሻርል የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ይበል የሚያሰኝ ሥራ ነው፤ ግን ሳልደብቅ ቅር ይለኛል፣ ከጎናቸው የቆመ አንድ የኛ ልጅ ቢኖር ብዬ። የኖርዱ አባት ሲዲውን ለልጁ ማሰማት ይፈልጋል፤ ያላችሁ እባካችሁ አውሱት።