የክረምት ትምህርት ለሕፃናትና ለታዳጊዎች፦ በየዕድሜው የሚቀርበውና ወላጅ ሊያጣራው የሚገባው

በኢትዮጵያ መደበኛው ትምህርት በሰኔ ወር ተጠናቅቆ በመስከረም እንደገና ይጀመራል። በመካከል ያሉት ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ተማሪዎች የሚያርፉባቸው፣ ቤተሰባቸውን የሚያግዙባቸውና በዓመቱ ውስጥ ጊዜ ያላገኙለትን ነገር የሚማሩባቸው ወራት ናቸው። በዚሁ ጊዜ የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የወጣት ማዕከላት፣ ቤተ መጻሕፍትና የሃይማኖት ተቋማት ለሕፃናትና ለታዳጊዎች ልዩ ልዩ የክረምት ትምህርቶችን ያዘጋጃሉ። ይህ ጽሑፍ የትኛው ትምህርት ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ፣ የት እንደሚገኝና ወላጅ ወይም አሳዳጊ ከምዝገባ በፊት ምን ማጣራት እንዳለበት ያብራራል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ሊሆን ይገባል። የክረምት ትምህርት የመደበኛው ትምህርት ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም። ተማሪው ከክፍል ክፍል የሚዛወረው በመደበኛው ዓመት ባስመዘገበው ውጤት ስለሆነ፣ የክረምት ኮርስ የምስክር ወረቀት የትምህርት ማስረጃን አይተካም። ያልተመዘገበ ልጅም ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ቀረ ተብሎ መገመት የለበትም።

ልጁ የሚያስፈልገውን መለየት

የክረምት ትምህርት በጥቅሉ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በመደበኛው ትምህርት የታየውን ክፍተት የሚሞላ የማጠናከሪያ ትምህርት ነው። ሁለተኛው የልጁን ዝንባሌ የሚያሰፋ ነው፤ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ስፖርት፣ ኮምፒዩተር፣ ተጨማሪ ቋንቋ፣ የሳይንስ ሙከራና የመሳሰሉት በዚህ ይካተታሉ። ብዙ ወላጆች ሁለቱን ሳይለዩ ጎረቤት ያስመዘገበበትን ይመርጣሉ። በዚህም የተነሳ ማንበብ የሚቸገር ልጅ ለወራት የውጭ ቋንቋ ሲማር ይከርምና ችግሩን ይዞ ወደ መስከረም ይሻገራል።

ለታችኛው ክፍል ተማሪዎች ቀዳሚው ጥያቄ ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ወይም በሚማርበት ቋንቋ ያነብባል ወይ የሚለው ነው። በ2002 ዓ.ም. በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በተካሄደው አገር አቀፍ የንባብ ምዘና በርካታ ሕፃናት አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ታይቷል። ወላጅ ይህን በቤቱ በቀላሉ ሊያጣራ ይችላል። ልጁ ከዚህ በፊት ያላየውን አጭር አንቀጽ ድምፁን አሰምቶ እንዲያነብብና ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲናገር መጠየቅ ነው። የመማሪያ መጽሐፉን ለዚህ መጠቀም አይመከርም፤ ብዙ ልጆች ምንባቡን በቃላቸው ይዘውታልና።

በአማርኛ ለሚማሩ ልጆች ስሕተቱ የሚደጋገምበትን ቦታ ማስተዋል ይጠቅማል። 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲረቡ 231 ቅርጾች ይሆናሉ። ከእነዚህም ሕፃናትን አብዝተው የሚያሳስቷቸው ሣልስና ኃምስ ናቸው፤ «ቢ» እና «ቤ»፣ «ሚ» እና «ሜ» የሚለዩት በግርጌ ባለችው ትንሽ ምልክት ብቻ ነውና። ሳድስ ደግሞ ወጥ ቅርጽ ስለሌለው እያንዳንዱን ለይቶ መያዝን ይጠይቃል። ልጁ ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ሳይሳሳት መውጣቱ ብቻውን ያውቀዋል አያሰኝም። ከመካከል አንድ ፊደል ሲጠቆም መለየት ካልቻለ ክረምቱ ለንባብ ቢውል ይሻላል።

ለ1ኛ ክፍል ያልደረሱ ሕፃናት

በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ ክፍል በፊት የ2 ዓመት የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲኖር ይደነግጋል። ይህን ዕድል ሳያገኙ በመስከረም 1ኛ ክፍል ለሚገቡ ሕፃናት በተወሰኑ ክልሎች በክረምት የሚሰጥ የሁለት ወር ያህል የዝግጁነት ትምህርት አለ። በዚህ ትምህርት ሕፃናቱ እርሳስ መያዝን፣ ድምፆችን መለየትን፣ መቁጠርንና ከሌሎች ልጆች ጋር ተቀምጦ መስማትን ይለማመዳሉ። በአካባቢው መኖር አለመኖሩን በአቅራቢያ ካለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጠየቅ ይቻላል።

ለዚህ ዕድሜ ተስማሚ የሆነው ክረምት በአብዛኛው ጨዋታ ያለበት ነው። ሸክላ ማድቦልቦል፣ መዝሙር፣ ሥዕልና ተረት ለእጅም ለአንደበትም ትምህርት ናቸው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ሕፃን ተራ ጠብቆ መናገርንና አዳምጦ መመለስን እየተማረ ነው። ሕፃናትን ለሰዓታት አስቀምጦ ጥቁር ሰሌዳ የሚያስገለብጥ ፕሮግራም ዋጋው ምንም ያህል ቢያንስ አይመከርም።

ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል

በዚህ ዕድሜ የክረምቱ ዋና ሥራ ንባብና ሒሳብ ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተለማመዱት ስሌት ቶሎ ይረሳል፤ የማባዛት ሠንጠረዥና ክፍልፋይ በመስከረም እንደ አዲስ የሚጀመሩት ለዚህ ነው። ለመከለስ ግን ረጅም ሰዓት አያስፈልግም። በቀን ግማሽ ሰዓት ንባብና ጥቂት የስሌት ጥያቄዎች፣ በየዕለቱ ከተሠሩ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሚሰጥ ረጅም ትምህርት የተሻለ ይጠቅማሉ። ገበጣ የሚጫወት ልጅ መቁጠርና አስቀድሞ ማሰብን ያለ ደብተር ይለማመዳል።

በበጎ ፈቃድ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት በብዛት የሚያገለግለው ይህንና ቀጣዩን የዕድሜ ክልል ነው። ለእረፍት ወደየቀያቸው የሚመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየዓመቱ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይሰማራሉ፤ ትምህርቱም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ምዝገባው በቀበሌ፣ በወረዳ ወይም በትምህርት ቤቱ በኩል ይከናወናል። ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ውጤት በሚሰጥበት ቀን መጠየቅ ይመከራል።

7ኛና 8ኛ ክፍል

በ8ኛ ክፍል መጨረሻ ክልላዊ ፈተና ስላለ ብዙ ቤተሰብ ክረምቱን በሙሉ ለማጠናከሪያ ትምህርት ይመድባል። ወደ 8ኛ ክፍል የሚያልፍ ተማሪ የ7ኛ ክፍልን ደካማ ርዕሶች ቢከልስ በእርግጥ ይጠቅመዋል። የ8ኛ ክፍልን መጽሐፍ አስቀድሞ መጨረስ ግን ብዙ ጊዜ መሰልቸትን እንጂ ብልጫን አያስገኝም። ልጁ በእጁ የሚሠራበት ትምህርት በዚህ ዕድሜ ትልቅ ዋጋ አለው። በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ ማዕከላት በክረምት ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች የተመረጡ ታዳጊዎችን ተቀብለው በቤተ ሙከራ ያስተምራሉ። ምርጫው በአብዛኛው በትምህርት ቤቱ በኩል ስለሚካሄድ ፍላጎት ያለው ተማሪ ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለሳይንስ መምህሩ አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ይሰጣል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተፈታኞቹ ከፊሉ በኮምፒዩተር መፈተን ጀምረዋል። ስለዚህ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ኮምፒዩተር መልመድ ከትርፍ ዕውቀት አልፎ የፈተና ዝግጅት አካል ሆኗል። በቤቱ ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ ክረምቱን በወጣት ማዕከል ወይም በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊለማመድ ይችላል። በአዲስ አበባ የአብርሆት ቤተ መጻሕፍትና የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢዎች ክፍት ናቸው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» ፕሮግራም የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍን፣ የዳታ ሳይንስንና የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራን በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ያስተምራል፤ ላጠናቀቁም የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋው የሚከብደው ተማሪ ከጓደኛ ጋር ሆኖ ቢከታተለው ይቀልለዋል።

የሚያርሱና የሚያረቡ ቤተሰቦች ልጆች

በደጋውና በወይና ደጋው ሐምሌና ነሐሴ የአረምና የእረኝነት ወቅት ናቸው። በዚህ ጊዜ ልጆች ሙሉ ቀን ትምህርት ላይ እንዲውሉ መጠየቅ ከኑሮው ጋር አይሄድም። በገጠር የሚሳካው በቀን ከሁለት ሰዓት የማይበልጥ፣ ለመንደሩ የቀረበና የጎርፍ ወንዝ የማያሻግር ትምህርት ነው። ወንዝ መሻገር የግድ ከሆነ ትምህርቱ በጎረቤት ልጆች ቡድን በቤት ቢሰጥ ይሻላል፤ ከፍ ያለ ክፍል የሚማር ልጅ ታናናሾቹን ሊያስጠና ይችላል። በሶማሌ ክልልና በቦረና ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሌላ ወቅት ስለሆነ ቤተሰቡ ለከብቱ ውኃና ግጦሽ ፍለጋ የሚንቀሳቀስበትን ጊዜ ያገናዘበ መርሐ ግብር ያስፈልጋል።

ከክፍያ በፊት የሚጣሩ ጉዳዮች

በክረምት ብቻ የሚከፈቱ ማስተማሪያ ቦታዎች ይበዛሉ። ወላጅ ተቋሙ የማስተማር ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ ልጁን የሚያስተምረው ማን እንደሆነና በአንድ ክፍል ስንት ልጆች እንደሚቀመጡ የመጠየቅ መብት አለው። ክፍያው ምን ምን እንደሚያካትትና ልጁ ቢያቋርጥ ተመላሽ ስለመሆኑ በጽሑፍ መያዝ አለበት። ሲከፍሉ ደረሰኝ መቀበል ይገባል፤ ደረሰኝ የሌለው አቤቱታ ለማስረዳት ያዳግታል። መደበኛው ትምህርት ቤት የመጪውን ዓመት ምዝገባ በክረምት ኮርስ ክፍያ ላይ የተመሠረተ ካደረገ ወላጁ ጉዳዩን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሊያቀርብ ይችላል። በአዲስ አበባ የፈቃድና የጥራት ጉዳዮችን የሚከታተለው የከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና ለሕፃናት አስተዳደግ ኃላፊነት ባለባቸው ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ መብት በክረምት ትምህርትም ይጸናል። «መትታችሁ አስተምሩልኝ» ብሎ ልጁን የሚያስረክብ ወላጅም ለመምህሩ የማይሰጠውን ፈቃድ እየሰጠ ነው።

ሰዓትን በተመለከተ፣ በአብዛኛው ደጋ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የጠዋት ትምህርት ይመረጣል። ልጁን የሚያደርሰውና የሚመልሰው ሰው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሚውል ለሚጾሙ ልጆች ሰዓቱ ማጠር ይኖርበታል። ነሐሴ 13 ቡሄ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮም እንደየአካባቢው አሸንዳ፣ ሻደይና አሸንድዬ ይከበራሉ፤ በእነዚህ ቀናት ልጅ ቀረ ብሎ መቅጣት ተገቢ አይደለም። ሆያ ሆዬ የሚጨፍር ልጅ የሚማረው ግጥምና ዜማ በየትኛውም የክረምት ኮርስ አይገኝም።

ለምዝገባ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቁት የዓመቱ ውጤት መግለጫ ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂና ጉርድ ፎቶግራፍ ናቸው። የመጪው ዓመት መደበኛ ምዝገባ በአብዛኛው በነሐሴ ወር ስለሚካሄድ ዋናውን ካርድ ለክረምት ኮርስ አስረክቦ መሄድ አያስፈልግም፤ ቅጂው ይበቃል።