ሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር

ሀገር ፍቅር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የመንግሥት ቴያትር ቤት ነው። ሲመሠረት ግን ማኅበር ነበር፤ በ1927 ዓ.ም.፣ በጣልያን ወረራ ዋዜማ፣ እነ መኮንን ሀብተ ወልድ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለመቀስቀስ ያቋቋሙት ማኅበር። ቴያትሩ ከዚያ በኋላ መጣ።

ነገሩን የማነሣው ስለ ሶዶ ሳስብ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች የቀየጠው የ«ወጋጎዳ» መማሪያ መጽሐፍ በወላይታ ተቃውሞ አስነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ይህን ታሪክ በወላይታ ቋንቋ ተውኔት ወይም ፊልም ላድርገው የሚል ደራሲ ማንን ደጅ ይጥና? መንግሥት የገዛ ስሕተቱን መድረክ ላይ ለማየት ገንዘብ አያወጣም። ነጋዴው የትኬቱን ሽያጭ ያሰላል። የሚቀረው ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው፤ እርሱንም አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ካገኘ በሰብአዊ መብትም ሆነ በብሔረሰቦች እኩልነት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለው። (የሀገር ውስጥ ለጋሽማ የት ይገኛል!)

አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። ሶዶም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። እንግዲህ ለአንድ ደራሲ የስድስት ወር ቀለብና የመለማመጃ ክፍል የሚሰጥ፣ ድርሰቱን ግን የማይነካ ማኅበር ለማቋቋም የከተማዋ ምሁራንና ነጋዴዎች፣ እኔንም ጨምሮ፣ ምን እንጠብቃለን?