የቡና ሂሳብ በኮምፒዩተር፦ የሳንቲም ልዩነት ከየት ይመጣል?

የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው በነቀምቴ ስም ነው። ቡና በፈረሱላ ይተመናል፤ አንድ ፈረሱላም 17 ኪሎ ግራም ነው። ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ላይ የተመዘነ ቡና በስልክ ተመዝግቦ ነቀምቴ ወዳለ ኮምፒዩተር ቢላክ፣ አርሶ አደሩ በያዘው ደረሰኝና በመዝገቡ መካከል ልዩነት ሊፈጠር ይችላል። ልዩነት ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። አንዳንዱ የሚመነጨው ኮምፒዩተር ቁጥርን ከሚይዝበት መንገድ ነው።

ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። በእኛ አጻጻፍ አንድ ሦስተኛ 0.333 እየተባለ እንደማያልቅ ሁሉ፣ በኮምፒዩተር ዘንድም አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 0.1፣ አያልቅም። ስለዚህ ማሽኑ የቀረበውን ቁጥር ይይዛል፤ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩም 0.30000000000000004 ይሰጣል። ይህ አያያዝ ፍሎቲንግ ፖይንት ይባላል። ዓለም አቀፍ ደንቡ በ1977 ዓ.ም. ቢወጣም፣ የቆዩ የኢንቴል ማሽኖች መካከለኛውን ስሌት በ80 ቢት፣ አዳዲሶቹ ደግሞ በ64 ቢት ስለሚሠሩ የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለያዩ ይችላሉ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እንይ። 1,234,567 ብር ከ89 ሳንቲም በአጭሩ ፍሎት (በ32 ቢት) ቢመዘገብ፣ ውስጡ የሚቀመጠው 1,234,567.875 ነው። ማይኤስኪውኤል ይህንኑ 1234570 አድርጎ ያሳያል፤ አዲሱ ፖስትግሬስኪውኤል ግን ከ1234567.9 ጋር እኩል በሆነ አጻጻፍ ያወጣዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው በጽሑፍ ፋይል የተላከ ሂሳብ እንግዲህ በመንገድ ላይ ብር ይጥላል።

የካቲት 18 ቀን 1983 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን የነበረ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል መሣሪያ ጊዜን በአሥረኛ ሰከንድ ይቆጥር ነበር። ተቆርጦ የተያዘው ይኸው 0.1 ነው። መሣሪያው ለ100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ በመሥራቱ ስህተቱ ወደ 0.34 ሰከንድ አድጎ ሚሳይሉን ማክሸፍ ሳይችል ቀረ፤ 28 አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ።

ለገንዘብ መፍትሔው የታወቀ ነው። በማይኤስኪውኤልና በፖስትግሬስኪውኤል ዴሲማል የተባለውን የቁጥር ዓይነት መጠቀም ይበቃል። በስልኮች ውስጥ የተለመደው ኤስኪውላይት ግን ያታልላል፤ ዓምዱ ዴሲማል ተብሎ ቢሰየምም ክፍልፋዩን በፍሎቲንግ ፖይንት ያስቀምጠዋል። ስለዚህ በስልክ ላይ ብሩን በሳንቲም፣ ክብደቱን በግራም፣ ሁለቱንም በሙሉ ቁጥር መመዝገብ ይሻላል፤ 2,345 ብር ከ60 ሳንቲም 234560 ተብሎ ይገባል።

ዴሲማልም ቢሆን የፈረሱላን ችግር አይፈታም፤ ለ17 ማካፈል በእኛም አጻጻፍ አያልቅምና። ለምሳሌ ፈረሱላው 5,000 ብር ነው እንበል። የኪሎው ዋጋ ተጠጋግቶ 294.12 ብር ቢባልና በ1,700 ኪሎ ቢባዛ 500,004 ብር ይመጣል፤ ትክክለኛው ግን 500,000 ነው። አራቱን ብር የፈጠረው ቶሎ ማጠጋጋት ነው። ክብደቱ በፈረሱላው ዋጋ ተባዝቶ በመጨረሻ ለ17 ይካፈል፤ ማጠጋጋቱም ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን።

አርሶ አደሩም ደረሰኙ ላይ ድምሩ ብቻ ሳይሆን ክብደቱና የፈረሱላው ዋጋ እንዲጻፉለት ይጠይቅ። ሁለቱ ካሉ ሂሳቡን በማንኛውም የእጅ ማስሊያ እንደገና ማውጣት ይቻላል።