ከእንዝርት ወደ ኪሮሽ፦ የአንድ ባለ መስመር ብርድ ልብስ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ ብርድ ልብስ ነው። አክስቴ ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቀው ቤታቸው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኪሮሽ የሠሩት ወፍራምና ባለ መስመር ብርድ ልብስ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ለሌላ ጥናት ወደ ደሴ በሄድሁበት ጊዜ ወለል ላይ ዘርግቼ ረድፍ በረድፍ ቆጠርሁት፤ 94 ረድፍ፣ 23 መስመር፣ ሰባት ቀለም። አክስቴ በሩ ላይ ቆመው «ይኼንንም ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል?» አሉኝ። ያኔ ያልመለስሁላቸውን ዛሬ ለእናንተ ለመመለስ እሞክራለሁ።

በሰሜኑ የአገራችን ደጋ ሴቶች ለዘመናት ሲፈትሉ ኖረዋል፤ ሲሸምኑ ግን አልኖሩም። ጥጡን የሚዳምጡት፣ በደጋን የሚነድፉት፣ በእንዝርት የሚፈትሉትና ልቃቂቱን የሚያጠራቅሙት እነርሱ ናቸው። ልቃቂቱ ሲበቃ ግን ከቤት ወጥቶ ወደ ሸማኔው ይሄዳል፤ ሸማኔው ደግሞ ወንድ ነው። ጋቢውም ቡሉኮውም የሚጠራው በሸማኔው ሙያ ነው። ለነገሩ ሸማኔውም ቢሆን ክብሩ ጎዶሎ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። የፈታይዋ ሥራ ግን ለስድብ እንኳ የሚበቃ ስም አላገኘም። ታዲያ ሴት ከክሩ መጀመሪያ እስከ ልብሱ መጨረሻ ያለውን ሥራ በራሷ እጅ የያዘችው መቼ ነው? ቢያንስ በከተማ ኪሮሽ እጇ ሲገባ ነው የሚል ሐሳብ አለኝ።

ወፍራም ክርም ሆነ መስመር ለወሎ እንግዳ አልነበረም። ጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደን የምናገኛት ኮምቦልቻ ግን ከ1,900 ሜትር በታች ናት። ኮምቦልቻ በቀላል ልብስ የለመደ ሰው ደሴ ሲያድር ልዩነቱን ያውቀዋል። በወሎ ደጋና በአጎራባቹ መንዝ ብርድን የሚመክቱት በበግ ጠጉር ባና ነበር። በእጅ የተፈተለ ጠጉር በባሕርዩ ወፍራም ነው፤ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ቀለም ሳይነከር እንደ ተሸለተ ስለሚፈተልም መስመሩ ከራሱ ከበጉ ይመጣል። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም የገባው ለብዙ ጊዜ በኖረ ሙያ ላይ ነው።

ሽመና ድርና ማግ ይፈልጋል። ድሩ መወጠር አለበት፤ ለመወጠር ደግሞ ጉድጓድና ቋሚ ቦታ ያሻል። ኪሮሽ ግን ጫፏ የታጠፈ አንዲት ዘንግና አንድ ክር ብቻ ትፈልጋለች። በማንኛውም ቅጽበት ክፍት ሆኖ የሚቆየው ቀለበት አንድ ብቻ ነው። ሹራብ በሁለት ሽቦ ስትሠሩ የረድፉ ቀለበቶች ሁሉ ሽቦው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ሽቦው ካመለጠ ሥራው ይተረተራል። በኪሮሽ ግን ቡና ሲገነፍል ወይም ልጅ ሲያለቅስ ሥራው ተጥሎ ይነሣሉ፤ ሲመለሱ ያችን አንዲት ቀለበት ይዘው ይቀጥላሉ። ይህን የምነግራችሁ ለሙያው ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ሥራው በሴቶች ቀን ውስጥ ለምን ቦታ እንዳገኘ የሚያስረዳው ይኸው አሠራሩ ስለ ሆነ ነው። መስመር ማውጣትም እንዲሁ ቀላል ነው፤ የረድፉን የመጨረሻ ቀለበት በአዲሱ ክር መጨረስ ብቻ ነው።

ከየት መጣ? እዚህ ላይ ቃላት ምስክር ይሆኑናል። «ፒያሳ» ጣሊያንኛ ነው፤ «ፋብሪካ»፣ «ማኪና»፣ «ፎርኖ»፣ እንዲሁም «ካልሲ» ጣሊያንኛ ናቸው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው የእጅ ሥራውንም ጣሊያን አመጣው ይላል። ነገር ግን «ኪሮሽ» እና «ዳንቴል» ፈረንሳይኛ ናቸው። ጣሊያኖች የኪሮሹን መሣሪያ ኡንቺኔቶ፣ ዳንቴሉን ሜርሌቶ ነው የሚሉት፤ ሁለቱም ወደ አማርኛ አልገቡም። «ሹራብ» ደግሞ ከዐረብኛው የካልሲ ስም የመጣ ነው፤ ዐረቦች ለእግር ያሉትን እኛ ለደረት አደረግነው። ጣሊያኖችም ኪሮሽ የሚለውን ፈረንሳይኛ ቃል አልፎ አልፎ ስለሚጠቀሙበት ማስረጃው ብቻውን አይዘጋም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በመጀመሪያ የተመራው በፈረንሳዊት ርእሰ መምህርት ነበር። እቴጌይቱም የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ፣ ደሴ ላይ ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራው የወይዘሮ ስኂን ልጅ ናቸው። የእጅ ሥራው በልጃገረዶች ትምህርትና በባልትና ክፍል በኩል ከቤት ወደ ቤት መሻገሩ ከወታደር ሻንጣ መውጣቱ ይልቅ ያሳምነኛል።

በአውሮፓም ቢሆን ሙያው ጥንታዊ አይደለም። በኅትመት የታወቀው የመጀመሪያው የኪሮሽ ንድፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1823 በአንድ የኔዘርላንድስ መጽሔት ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ አየርላንድ በድንች ረኃብ ስትመታ ገዳማውያት ለድሆች ሴቶች ኪሮሽ አስተማሩ፤ ዳንቴሉ ተሸጦ ብዙ ቤተሰብ እህል ገዛበት። ለወሎ ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ የርዳታ ብርድ ልብስ ወደ ክፍለ ሀገሩ ገባ፤ የሰጠው ድርጅትም የሰጠውን ቆጥሮ መዘገበ። በየቤቱ የተሠራውን ብርድ ልብስ ግን የቆጠረ አልነበረም።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ወፍራም ክር የሚባል ነገር በዚያ ዘመን ሱቅ ውስጥ አላገኙም። ሳልባጅ ሹራብ ገዝተው ይተረትሩ ነበር፤ ክሩን አጥበው፣ አድርቀው፣ ሦስቱን አንድ ላይ ይዘው ይሠራሉ። ኪሮሽ ከሹራብ ይልቅ ብዙ ክር ይበላል፤ ስለዚህ አንድ ሹራብ ተተርትሮ የሚወጣው ከአንድ ወይም ከሁለት መስመር አያልፍም። መስመሩ ጌጥ ይመስላል እንጂ የተገኘው ሁሉ ዝርዝር ነው። 14ኛው መስመር ላይ ሰማያዊው ረድፉ መካከል ላይ ያልቅና ቡናማ ይቀጥላል፤ ክሩ እዚያው ላይ አለቀ ማለት ነው። ከ61ኛው ረድፍ ጀምሮ ደግሞ 92 የነበረው የቀለበቱ ቁጥር ወደ 89 ይወርዳል፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሳባል። ይህ የጀማሪ ስሕተት ነው፤ እርሳቸው ደግሞ ጀማሪ አልነበሩም። ስጠይቃቸው «ያን ጊዜ ልጄ ግንባር ነበር፤ መቁጠር አልሆነልኝም» አሉኝ።

ስለ ኮምቦልቻ በአጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፎጣና አንሶላ ያመርታል፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። የሁለቱንም ታሪክ የሚጽፍ አይጠፋም። ነገር ግን እውነተኛውን ኪሮሽ በፋብሪካ ደረጃ የሚሠራ ማሽን እስከ ዛሬ የለም፤ ገበያ ላይ በርካሽ የምታዩት የኪሮሽ ልብስ ሁሉ የአንዲት ሴት ሰዓታት አሉበት። ይህን «የትርፍ ጊዜ ሥራ» ብሎ መጥራት፣ በእኔ ግምት፣ የኢኮኖሚ ታሪካችን ከባድ ግድፈት ነው።

ብርድ ልብሱ አሁን የለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቤተሰቡ ደሴን ለቆ ሲመለስ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። የደሴ ሙዚየምም በዚያው ጊዜ ተዘርፏል። ሙዚየም የጠፋበትን የሚጠይቅበት መዝገብ ሊኖረው ይችላል፤ ለአክስቴ ሣጥን ያለው መዝገብ የእኔ ደብተር ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ደብተሩን ይዤላቸው ሄድሁ። ፒያሳ ወርደን ክር ገዛን፤ በዚህ ጊዜ ወፍራሙን አገኘነው። እኔ ከደብተሬ አነባለሁ፣ እርሳቸው ይሠራሉ። 61ኛው ረድፍ ላይ ስንደርስ እጃቸውን አቁመው «ሦስቱን ልቀንሳቸው ወይስ ልሙላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። እስካሁን አልመለስሁላቸውም።