አስታማሚና ወረርሽኝ፤ ፈንጣጣና የኅዳር በሽታ በኢትዮጵያ ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ መድኃኒትና ስለ ሐኪም የሚናገር ነው። የዕፀዋት ሥርና ቅጠል፥ የደብተራ ክታብ፥ የጠበል ቦታ፥ ከውጭ አገር የመጣ ሐኪም፥ ይህ ሁሉ በየተራው ተመርምሯል። ዳሩ ግን በሕመምተኛው ራስጌ ተቀምጦ ውሃ የሚያቀርበው፥ ላቡን የሚጠርገው፥ ሌሊቱን ሲያገላብጠው የሚያድረው ሰው፥ ማለት በአማርኛ «አስታማሚ» የምንለው፥ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ ሁለት ታላላቅ ወረርሽኞችን በማነጻጸር፥ የአስታማሚ መኖርና መታጣት በሕዝቡ ሕይወት ላይ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ለማሳየት እንሞክራለን። አንደኛው ፈንጣጣ ነው፤ ሁለተኛው በ1911 ዓ.ም. የደረሰው የኅዳር በሽታ ነው። «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ያለበት ዘመን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን፥ በቅንፍ የገባው የአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ይገባል። «አስታመመ» የሚለው ግሥ «ታመመ» ከሚለው የወጣ ነው፤ የታመመውን ሰው በሕመሙ ጊዜ ሁሉ አብሮ ቆይቶ መርዳትን ያመለክታል። ቋንቋችን ጠያቂንና አስታማሚን ለይቶ ያያል። ጠያቂ መጥቶ፥ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ፥ ተነሥቶ ይሄዳል፤ አስታማሚ ግን ይቀራል። ስለዚህ ሕመሙ ተላላፊ በሆነ ጊዜ ከአደጋው ጋር የሚጋፈጠው በመጀመሪያ እርሱ ነው።

ለማስታመም ደግሞ በሽታውን መለየት ያስፈልጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌ የሚነገረው ለሕመምተኛው ቢሆንም፥ ምልክቱን የማወቅ ግዴታ በቤተ ሰቡም ላይ የወደቀ ነበር። አማርኛ ፈንጣጣን፥ ኩፍኝንና ጉድፍን በሦስት ስም መጥራቱ፥ ሕዝቡ ከሰውነት ላይ የሚወጣውን ሽፍታ ሁሉ እንደ አንድ በሽታ አለመቍጠሩን ያስረዳል። ፈንጣጣ በብርቱ ትኩሳት፥ በራስ ምታትና በወገብ ሕመም ይጀምራል፤ ከሁለት እስከ አራት ቀን በኋላ ሽፍታው ይወጣል፤ ከሆድና ከደረት ይልቅ በፊት፥ በክንድና በእግር ላይ ይበዛል፤ በመዳፍና በውስጥ እግርም ይታያል፤ በአንድ ስፍራ ያለው ሽፍታ ሁሉ አንድ ላይ መግል ይቋጥርና አንድ ላይ ይደርቃል። ጉድፍ ግን በደረትና በጀርባ ላይ የሚበዛ ሲሆን፥ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ገና ውሃ ይቋጥራል። ኩፍኝ ከሽፍታው አስቀድሞ በሳል፥ በንፍጥና በዓይን መቅላት ይታወቃል። ፈንጣጣ ከዳነም በኋላ በፊት ላይ ጠባሳውን ትቶ ስለሚሄድ፥ ማን እንደታመመና ማን እንዳልታመመ ከመንደሩ ሰው የሚሰወር አልነበረም።

ይህ ጠባሳ ትልቅ ጕዳይ ነው። ፈንጣጣ አንድ ጊዜ ያመመውን ሰው እንደገና የሚያመው እጅግ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሕዝቡም ይህን ያውቅ እንደነበር የጥንቱ የክትባት ልማድ ራሱ ምስክር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ ብዙ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ እንደ ጻፈው፥ ከሕመምተኛ ሰው ቍስል የተወሰደው መግል በጤነኛው ሰው ክንድ ላይ በምላጭ በተሰነጠቀ ስፍራ ይደረግ ነበር። በዚህ መንገድ የሚመጣው ሕመም ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ከዚያም በኋላ ሰውዬው ከፈንጣጣ ይጠበቃል። «ከተበ» የሚለው ቃል መጻፍንም ይህንንም ሥራ የሚያመለክት ሲሆን፥ በአንገት የሚንጠለጠለው «ክታብ» ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውንም በዚሁ ስም «ክትባት» እንለዋለን። ይሁን እንጂ የጥንቱ ክትባት ራሱን ፈንጣጣውን የሚያስተላልፍ ስለሆነ፥ የተከተበው ሰው ለብቻው ካልተቀመጠ በሽታውን ወደ ጎረቤት ያዛምት ነበር።

እንግዲህ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ያለ ሥጋት ወደ ሕመምተኛው ቤት ሊገባ የሚችል ሰው ነው። በዚህ ላይ ሁለተኛ ነገር ይጨመራል። ፈንጣጣ ከአንዱ ወደ ሌላው ከተላለፈ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ዐሥራ ሁለት ቀን ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ ባንድ ቀን አይወድቁም፤ አንዱ ሲያገግም ሌላው ይተኛል። በመንደሩም ቀደም ባለው ወረርሽኝ የዳኑ ሽማግሌዎችና እናቶች ይገኛሉ። በሽታው እጅግ የከፋ ቢሆንም አስታማሚን ፈጽሞ አያሳጣም ነበር ማለት ነው።

የማስታመሙ ሥርዓት ግን ሁልጊዜ ለሕመምተኛው የሚጠቅም አልነበረም። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. (1770) ጎንደር በደረሰ ጊዜ፥ በእቴጌ ምንትዋብ የቍስቋም ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ አገኘ። እርሱ ራሱ እንደሚተርከው፥ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ደጁንና መስኮቱን ሁሉ መክፈት ነበር፤ ከዚያም ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አጥኖ፥ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ካስታመማቸው መካከል የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ ዳነ። ዛሬ ባለን ዕውቀት ስንመዝነው፥ ዕጣኑም ሆምጣጤውም የፈንጣጣን ቫይረስ የሚያጠፋ መድኃኒት አልነበረም፤ በዚያ ዘመን በአውሮፓም ቢሆን የሚፈውስ መድኃኒት አልተገኘም። ብሩስ ያመጣው አዲስ ነገር መድኃኒት ሳይሆን አያያዝ ነበር፤ ይኸውም ንጹሕ አየርና ንጽሕና ነው። ዕጣኑና ከርቤው ግን ለአገሩ ሰው እንግዳ ያልሆነ ነገር ስለ ነበር፥ የእንግዳው ሰው አያያዝ ተቀባይነት እንዲያገኝ ሳይረዳው አልቀረም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወረርሽኝ እንለፍ። በመላው ዓለም በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው የፈጀው እንፍሉዌንዛ በኅዳር 1911 ዓ.ም. (1918) በአዲስ አበባ ላይ በረታ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው በብርቱ ታመው ነበር፤ በኋላም በጻፉት የሕይወት ታሪክ በከተማው ብቻ ከዐሥር ሺህ በላይ ሰው እንደ ሞተ ገልጸዋል። ሬሳ የሚያነሣ ታጣ፤ ጅብም በከተማው ውስጥ ደፈረ።

ይህ በሽታ ፈንጣጣ የነበረውን ጠባይ ሁሉ የገለበጠ ነበር። በመጀመሪያ፥ ምልክቱ ትኩሳት፥ ሳልና የሰውነት መቈራረጥ ስለሆነ፥ ከተለመደው ጉንፋን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ የሚገድል መሆኑ የሚታወቀው ወደ ሳንባ ከወረደ በኋላ ነበር። ሁለተኛ፥ ከተላለፈ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ብቻ ስለሚቈይ፥ ቤተ ሰቡ ተራ በተራ ሳይሆን በአንድነት ይወድቃል። ሦስተኛ፥ በሌላ ጊዜ እንፍሉዌንዛ የሚበረታው በሕፃናትና በሽማግሎች ላይ ሲሆን፥ የዚያን ዓመቱ ግን ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ያለውን ጎልማሳ ጭምር በብዛት ገደለ፤ እርሱም ሌላውን ሊያስታምም የሚችለው ነው። አራተኛ፥ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ «ይህ ሰው ከአደጋው ወጥቷል» የሚያሰኝ ምልክት አልነበረውም።

ከዚህ የተነሣ አስታማሚ ጠፋ። የእንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው የተለየው በ1933 በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ሳንባውን ለሚያቈስለው ለተከታዩ ሕመምም ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር። ስለዚህ በዚያ ዓመት በአዲስ አበባም ሆነ በለንደን ወይም በኒው ዮርክ ለሕመምተኛው ሊደረግለት የሚቻለው ዋና ነገር ማስታመም ብቻ ነበር፤ ውሃ ማጠጣት፥ አጥሚት መስጠት፥ ከብርድ መጠበቅ፥ ትኩሳቱ ሲበርድለት ቶሎ ተነሥቶ እንዳያገረሽበት መከልከል። በአንድ ጎጆ አባት፥ እናትና ልጆች በአንድነት በተኙ ጊዜ፥ ከሕመሙ ሊተርፍ የሚችለው ሰው እንኳ በጥም፥ በራብና በብርድ የሚሞትበት ምክንያት ይህ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ጥራጊ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ፥ የዚያን ዘመን መከራ ሲያስታውስ ኖሯል። ሕዝቡ በጢሱ በሽታውን ያባርራል፤ በልማዱ ግን ያለ አስታማሚ የሞቱትን ያስባል ለማለት ይቻላል።

ማስታመም ከቤተ ሰብ ግዴታ ወጥቶ የሚማሩት ሙያ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን ከተማ በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተምረው ተመረቁ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ጊዜ ካገለገሉ በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. (1942) በለቀምት ዐረፉ። በ1949 በአውሮፓ አቈጣጠር የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በአዲስ አበባ የነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1947 ዓ.ም. (1954) የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የጤና መኰንን፥ የማኅበረ ሰብ ነርስና የጤና አጠባበቅ ሠራተኛ በአንድነት ወደ ገጠር እንዲሠማሩ አሠለጠነ። ነርሷ ከቀድሞዋ አስታማሚ የምትለየው በርኅራኄ አይደለም፤ ሳትያዝ ለማስታመም የሚያስችላትን ዘዴ፥ ማለት እጅ መታጠብን፥ ዕቃ መቀቀልንና ሕመምተኛን ለይቶ ማስተኛትን በመማሯ ነው።

ፈንጣጣን ለማጥፋት የተደረገው ዘመቻ የዚህን ታሪክ ሁለት ክሮች አገናኘ። ሥራው በኢትዮጵያ በጥር 1963 ዓ.ም. (1971) ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። በዚያን ጊዜ በአገሩ የነበረው ዓይነት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚገድል ስለ ነበረ፥ በጎጃምና በሌላውም ስፍራ አዲሱን ክትባት ትቶ የጥንቱን የመረጠ ሕዝብ አልታጣም። ዘመቻው የተሳካው ሰውን ሁሉ በመክተብ ብቻ አልነበረም፤ ሠራተኞች በገበያና በትምህርት ቤት የሕመምተኛ ሕፃን ሥዕል እያሳዩ «ይህን የመሰለ አያችሁ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ያገሬው ሰው ፈንጣጣን ከሌላው ሽፍታ መለየት ባይችል ኖሮ ይህ ጥያቄ ከንቱ በሆነ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመም በባሌ ክፍለ ሀገር በኤል ከሬ አውራጃ በዲሞ መንደር በነሐሴ 1968 ዓ.ም. (1976) ታየ፤ በ1972 ዓ.ም. (1980) ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

እነሆ፥ ከሁለቱ ወረርሽኞች የምንረዳው ይህ ነው። አንድ በሽታ የሚያደርሰው ጥፋት የሚለካው በመርዙ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ምልክቱን ለይቶ የሚያውቅና ሕመምተኛውን ሳይተው የሚቀመጥ ሰው በመኖሩና ባለመኖሩም ጭምር ነው። ስለዚህ የባህል ጥናት ተማሪዎች ወደ የአገራቸው ሲሄዱ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ጽፈው እንዳይመለሱ ያሻል። መድኃኒቱን ማን አጠጣው? ሌሊቱን ማን ነቅቶ አደረ? ወደ ተያዘው ቤት መግባት የተፈቀደለት ማን ነው? ብለው ሽማግሎችንና ባልቴቶችን ይጠይቁ። ኩፍኝም ወባም ዛሬም አለ፤ የዚህም ጥያቄ መልስ ከታሪክ ጸሓፊው ይልቅ ለነርሷ ይጠቅማት ይሆናል።