ጠገራን ማን ይመዝነው?

ገንዘብ የኅብረተሰብ ታሪክ ምስክር ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ያለፈውን የገበሬና የሸማኔ ኑሮ አንዳንድ ጊዜ አንዲት የብር ቁራጭ ይዛው ትገኛለች። ስለዚህም በጋሞ ደጋ ከአሮጌ ሙዳይ ውስጥ ወይም ከአንዲት እናት የአንገት ጌጥ ላይ ጠገራ ብር ሲገኝ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ያወጣል?» የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባውም። ሆኖም ዛሬ በአርባ ምንጭ ከተማ እንዲህ ያለ ብር የወረሰ ወጣት ሌላም ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ብሩን ወደ ውጭ አገር ልኮ በሙያተኛ ማስመርመርና ደረጃ ማሰጠት ይበጃል ወይስ አይበጅም?

ለጥያቄው መልስ ከመስጠት በፊት ደረጃ ማውጣት የተባለውን ሥራ ምንነት መረዳት ያስፈልጋል። ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 የአገሩን የጥንት የመዳብ ሳንቲሞች ለመተመን ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በአሜሪካና በካናዳ በክፍያ የሚመረምሩ ድርጅቶች ተቋቋሙ። መርማሪው የገንዘቡን እውነተኛነት ያረጋግጣል፤ መልበሱንና መጫሩን ያያል፤ ቁጥር ይሰጠውና በፕላስቲክ ማኅደር አሽጎ ይመልሰዋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. የ1911 ዓመት የተጻፈበት የካናዳ ዶላር ከብር የተሠሩት የሚታወቁት ሁለት ብቻ ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ገንዘብ የሙያተኛ ምስክርነት አስፈላጊነቱ አያጠያይቅም። እውነተኛውንና ሐሰተኛውን የሚለየው ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ነውና።

ነገር ግን ገንዘብን መርምሮ መቀበል ለአገራችን ሕዝብ እንግዳ ነገር አልነበረም። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም በመልኳ የሚታተመው ብር አልሞተም፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ዓመት ቢታተም የሚጻፍበት ዘመን ያው 1780 ሆኖ ቀረ። ከቪየና ሌላ ሚላኖና ቬኒስ፣ በሃያኛው ምእተ ዓመትም ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ይህንኑ ብር አትመዋል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱም ንጹሕ ብር ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ለስንቅና ለአጋሰስ የከፈሉት በዚሁ ብር ነበር። የራሳቸውን ንግሥት መልክ የያዘ ገንዘብ ባላገሩ እንደማይቀበላቸው ስላወቁ ጠገራውን በቪየና አሳትመው አመጡ።

ባላገሩ ማጉያ መነጽር አልነበረውም፤ ዓይንና ጣት ግን ነበረው። የንግሥቲቱን የራስ ጌጥ ያያል፤ በትከሻዋ ላይ ባለው ሹራብ መያዣ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን 9 ዕንቁዎች ይቈጥራል፤ ከመልኳ ሥር የተቀረጹትን ፊደላት ማንበብ ባይችልም ቅርጻቸውን ያውቃል። ምልክቱ የደበዘዘበትን ብር አልፈልግም ብሎ ይመልሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያሳተሙት አንበሳ ያለበት ብር እንኳ ይህን ፈተና በቀላሉ አላለፈም። በክብደቱም ሆነ በጥራቱ ከጠገራው የማያንስ ሆኖ ሳለ ገበያው ለብዙ ዘመን የለመደውን አላስለቅቅ አለ። የንጉሠ ነገሥት ዐዋጅ ብቻውን ገንዘብን ገንዘብ እንደማያደርገው ሕዝቡ በተግባር አሳየ።

ወደ ጋሞ ስንመለስ ጠገራው ሌላ ታሪክም ይነግረናል። በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ የምኒልክ ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ ሕዝቡ በገባር ሥርዓት ሥር ወደቀ። ለግብርና ለልዩ ልዩ ክፍያ የሚሆን ብር መገኘት ነበረበት። ከጨንቻና ከዶርዜ የተነሣው ሸማኔ ድንጉሩን ተሸክሞ እስከ አዲስ አበባ ዘለቀ፤ የጋቢውና የቡሉኮው ዋጋ ብር ሆኖ ወደ ደጋው ተመለሰ። በዚያው ደጋ የሀላቃ ማዕረግ የሚይዝ ሰው ለማኅበረሰቡ ታላቅ ድግስ የመደገስ ግዴታ ነበረበት። ሀብት ክብር የሚሆነው ተከማችቶ ሲቀመጥ ሳይሆን ተቈርሶ ሲበላ ነበር ማለት ነው።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ጠገራው ከመገበያያነት እየራቀ ሄደ። ብዙው በአንጥረኛ ወናፍ ፊት ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆነ፤ ከቀረውም ብዙው ተበስቶ ወይም ጆሮ ተበይዶለት በአንገት ላይ ዋለ።

የሁለቱ ዳኞች ፍርድ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። የባሕር ማዶው መርማሪ የተበሳውን ብር ጉዳተኛ ነው ብሎ ሙሉ ደረጃ ይነፍገዋል። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ቀዳዳው ራሱ ሰነድ ነው፤ ብሩ ከገበያ ወጥቶ ጌጥ የሆነበትን፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈበትን ጊዜ ያመለክታል። ስለዚህ ወጣቱ መጀመሪያ የያዘውን ለይቶ ይወቅ። የተለመደው ጠገራ በብዛት የታተመ ስለሆነ፣ ይልቁንም ከተበሳ፣ የምርመራው ክፍያና የመላኪያው ወጪ ከብሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ መላኩ አይበጅም። ያልተበሳና መልኩ ያልጠፋ የ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ከኋለኞቹ ዓመታት ብሮች ይልቅ በጥቂቱ የታተመ በመሆኑ እውነተኛነቱን በሙያተኛ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። በሁለቱም ረገድ ብሩን በአመድም ሆነ በሎሚ ፈትጎ ማንጻት ክልክል ሊሆን ይገባል። የዘመናት ወዙ አንዴ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም።

ደግሞም ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቍጥር 209 ይህን ይደነግጋል። ብሩን በፖስታ ከማሸግ በፊት ከባህልና ቅርስ መሥሪያ ቤት ጋር መነጋገር ያሻል። በአገር ውስጥም ለማነጻጸሪያ የሚሆን አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምና በብሔራዊ ባንክ የተጠበቁትን ገንዘቦች ማየት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ፤ ክፍያም ማኅደርም አይጠይቅም። ብሩን ማን አመጣው? በስንት ቡሉኮ ተገኘ? ማን በሳው? ለማን ሠርግ ታሰረ? ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ መምህራንና የባህል ሠራተኞች ቃላቸውን ሊጽፉ፣ ብሩን ሊመዝኑና ፎቶግራፍ ሊያነሡ ይገባል። ለብሩ ደረጃ የሚሰጥ መርማሪ ነገም ይገኛል፤ የብሩን ታሪክ የሚናገሩት እናት ግን ነገ ላይገኙ ይችላሉ።